ጭንጫ ላይ ስለ ወደቀው ዘር፤ በታላላቅ አዳራሾች ስለሚሰጠው ትምህርት የተጻፈ ምርመራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ማቴዎስ በጻፈው ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ጌታችን ስለ ዘሪው ሰው በተናገረው ምሳሌ አራት ዓይነት መሬት ተቈጥሯል። ከአራቱም ሁለተኛው፥ ይኸውም ጭንጫው፥ ለዚህ ዘመን መምህራን ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። በመንገድ ዳር የወደቀውን ዘር ወፍ ሲለቅመው ማንም ያየዋል፤ በእሾህ መካከል የወደቀውም አደጋው አጠገቡ ቆሞ ይታያል። ጭንጫው ግን ያታልላል። ምነው ቢሉ፥ በእርሱ ላይ የወደቀው ዘር ፈጥኖ ይበቅላልና። ዘሪው በጥቂት ቀን ውስጥ ወጥቶ እርሻውን ቢጐበኝ፥ ከመልካሙ መሬት ይልቅ ጭንጫው ለምልሞ ያገኘዋል፤ መልካሙ መሬት ዘሩን ገና በሆዱ ይዞ ሥር ያሰድደዋልና። ወንጌላዊው ፈጥኖ ለመብቀሉ የሰጠው ምክንያት የመሬቱን ጥልቀት ማጣት ነው። እንግዲህ የምሳሌው ምሥጢር ይህ ነው፤ ፈጥኖ መብቀል የመልካም መሬት ምልክት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜም የጉድለቱ ምልክት ይሆናል።

ይህን በዓይን ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ሽንሌ አገር ይመልከት። ሽንሌ ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን፥ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በአሮጌው የምድር ባቡር መሥመር አጠገብ ያለች የቆላ አገር ናት። ዝናም በጣለ ጊዜ ሜዳው ፈጥኖ ሣር ለብሶ ይታያል። ሐሩሩ በተመለሰ ጊዜ ሣሩ ይጠፋል፤ ግራሩ ግን ቆሞ ይቀራል። ለግራሩ ከሣሩ የበለጠ ዝናም አልወረደለትም፤ ሥሩ ወደ ታች ወርዶ፥ ዓይን ከማያየው እርጥበት ስለሚጠጣ ነው እንጂ። የአገሩ ከብት አርቢዎችም ይህን ያውቃሉና፥ ወንዙ በደረቀ ጊዜ አሸዋውን ቆፍረው ውኃ ያወጣሉ።

በዚያ አገር የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው የኢሳ ሱማሌ ነው፤ ሃይማኖቱም እስልምና ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በሱማሌ ክልል ከ100 ሰው 98ቱ እስላም ሆኖ ተገኝቷል። ክርስቲያኑ በሽንሌም ሆነ በጅጅጋ ጥቂት ነው፤ እርሱም በባቡር ሥራ፥ በጦር ሠራዊት፥ በመንግሥት አገልግሎትና በንግድ ምክንያት ከሌላ አገር የገባ ወይም ከዚያው የተወለደ ልጁ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ እንዳሉት ብዙ ሺህ ሰው የሚይዙ የወንጌላውያን አዳራሾች በሽንሌ አይፈለጉም። ነገር ግን የአዳራሹ ድምፅ ግድግዳ አይከለክለውም። በሳተላይት ቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ፥ በአዲስ አበባ የተሰበከው ስብከት በዚያው ሰዓት ከምድር ባቡር ሠፈር እስከ ሱቅ መደርደሪያ ይደርሳል። ከካህን የራቀ፥ ከዘመድ የተለየ፥ በጥቂት ወገን መካከል የሚኖር ክርስቲያን ይህን ድምፅ ሲሰማ ደስ ቢለው አያስደንቅም። ነገር ግን ጥቂት ሆኖ የሚኖር መንጋ ከብዙው ይልቅ ሥር ያስፈልገዋልና፥ የሚሰማው ትምህርት ሥር የሚያሰድድ መሆን አለመሆኑን መመርመር ተገቢ ነው።

አስቀድሞ ግን ፍርድ እንዳይዛባ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ወንጌላውያን የሚባሉትን ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ቃል መንቀፍ ግፍ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከአገሩ ሕዝብ ከ100 ሰው 10 ያህል ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ከ18 በላይ ሆነዋል። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ዓይነት መሬት ላይ የወደቀ ዘር ሊሆን አይችልም። በ1929 ዓ.ም. ኢጣልያኖች የውጭ ሚስዮናውያንን ከወላይታ ባስወጡ ጊዜ የተጠመቁት ሰዎች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ምእመናኑ ወደ 10,000 ደርሰው እንዳገኟቸው ተጽፏል። በእነዚያ ዓመታት አዳራሽም፥ የድምፅ ማጉያም፥ ከውጭ የመጣ መምህርም አልነበራቸውም፤ እስራትና ግርፋት ግን ነበረባቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተገኝቶላቸው ሳለ መንጋቸውን ጥለው መሄድን እምቢ ብለው፥ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ። እንግዲህ ጥልቀት በእነርሱ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ በታላላቅ አዳራሾች የሚነገረውን ትምህርት የሚከሰው የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ብቻ ሳይሆን የገዛ አባቶቻቸው ታሪክም ነው።

ወደ ትምህርቱ ምርመራ ስንመለስ፥ የሚነቀፍባቸው ነገር ሦስት ነው።

ፊተኛው የዘሩን ትርጓሜ መለወጣቸው ነው። ከቅዱሳት መጻሕፍት ምሳሌዎች ብዙዎቹ ትርጓሜያቸውን ከሊቃውንት ይጠብቃሉ፤ ይህን ምሳሌ ግን ራሱ ጌታችን ተርጕሞታል። ዘሩ ቃል ነው፥ መሬቱም የሰው ልብ ነው። ጌታ ከተረጐመው በኋላ ሌላ መተርጕም አያሻም። ነገር ግን የብልጽግና ወንጌል በሚሰበክባቸው አዳራሾች ዘር ዝሩ ሲባል ገንዘብ ስጡ ማለት ሆኗል፤ መከሩም ቤት፥ መኪና፥ የውጭ አገር ጕዞ፥ የንግድ ትርፍ ሆኗል። ይህ ትንሽ ስሕተት አይመስለው። በጌታችን ትርጓሜ ዘሪው እግዚአብሔር ነው፥ ሰውም መሬት ሆኖ ይቀበላል፤ የሚጠየቀውም ልቡን ነው። በአዳራሹ ትርጓሜ ሰው ዘሪ ሆኖ እግዚአብሔርን መሬት ያደርገዋል፤ በዘራሁት ልክ አብቅልልኝ ይለዋል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ምጽዋት የሰጠውን የሚረሳ ነውና። አንድም፥ መሥዋዕት አይደለም፤ መሥዋዕት ዋጋ አይቈርጥምና። ይህ ንግድ ነው።

ሁለተኛው ፀሐዩን ከምሳሌው ማውጣታቸው ነው። ጌታችን ፀሐዩን ሲተረጕም ስለ ቃሉ የሚመጣ መከራና ስደት አደረገው። በምሳሌው ውስጥ ፀሐይ የማይወጣበት እርሻ የለም፤ ጭንጫውን ያደረቀው ፀሐይ የመልካሙንም መሬት እሸት ያበሰለ ያው ፀሐይ ነው። አንድም፥ ፀሐይ ያለው ጊዜ ነው፤ ጊዜ የሰውን ሥር ይገልጣልና። የብልጽግና ትምህርት ግን መከራን ሁሉ የእምነት ማነስ ወይም የጠላት ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እምነት ያለው ሰው አይታመምም፥ አይደኸይም ይላል። እንዲህ የተማረ ሰው መከራ ባገኘው ጊዜ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንድ ጊዜ በመከራው፥ ሁለተኛ ጊዜ ባለማመንህ ነው በሚለው ነቀፋ። የኢዮብ ወዳጆች ኢዮብን የበደሉት በዚሁ መንገድ ነበር፤ እግዚአብሔርም በመጨረሻ የተቈጣው በተሰቃየው ሰው ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው።

ይህ ነገር በሱማሌ አገር ለሚኖሩ ክርስቲያኖች ከመጽሐፍ ወጥቶ በሥጋቸው የታየ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ ሁከት ተነሣ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፥ ካህናት ተገደሉ፥ ሱቅና ቤት ተዘረፈ፤ ብዙ ሰውም ነፍሱን ለማዳን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተጠጋ። ፀሐይ ወጣ ማለት ይህ ነው። በዚህ ዓመት ትከብራለህ፥ ጠላትህ ከእግርህ በታች ይወድቃል የተባለ ሰው ሱቁ ሲነድ ቆሞ ቢያይ ከሦስት አንዱን ማድረግ አይቀርለትም። ወይ እግዚአብሔር የገባልኝን አልፈጸመም ብሎ ይክዳል፤ ወይ እኔ የተጣልሁ ነኝ ብሎ ተስፋ ይቈርጣል፤ ወይም ጐረቤቱን ሁሉ በደለኛ አድርጎ ቂም ይይዛል። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል። በሽንሌም በጅጅጋም ክርስቲያኑ ከእስላም ጐረቤቱ ጋር በአንድ ገበያ ይሸጣል ይገዛል፥ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። መከራን በመስቀል ዓይን ማየት ያልተማረ ልብ መከራ ሲወርድበት ወደ በቀል ይዞራል። የመስቀሉን ትምህርት የተማረ ግን ያለቅሳል፥ ሙታኑን ይቀብራል፥ ፍርድን በሕግ ይጠይቃል፥ በበነጋውም ከጐረቤቱ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ይችላል። ጥልቅ ትምህርት የመነኰሳት ጌጥ ብቻ እንዳይመስል ይህ ይታሰብ፤ የአንድ ከተማ ሰላም በእርሱ ላይ ይቆማልና።

ሦስተኛው ሰሚውን ሁልጊዜ ሕፃን አድርገው ማስቀራቸው ነው። በብዙ አዳራሾች የመጽሐፍ ንባብ አጭር፥ ነቢይ የተባለው ሰው የሚናገረው የግል ትንቢት ግን ረጅም ነው። የሰሚው ስም፥ የሠፈሩ ምልክት፥ የስልኩ ቍጥር ሲጠራ ሕዝቡ ይገረማል። መገረም ግን ሥር አይደለም። የተገረመ ሰው በሳምንቱ ሌላ የሚገረምበት ይሻል፤ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን መምህሩ ቢሞት፥ ቢሳሳት ወይም ቢሰደድ የሚይዘው አለው። የወላይታን ምእመናን መምህራኖቻቸው በተባረሩ ጊዜ ያቆማቸው ቃሉን በእጃቸውና በልባቸው መያዛቸው ነው።

ይህንኑ ጉድለት በውጭ አገር ካሉት አዳራሾች አንዱ ራሱ መርምሮ አግኝቶታል። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ አጠገብ በ1975 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተመሠረተው ዊሎው ክሪክ የተባለው ጉባኤ፥ ብዙ ሺህ ሰው በመሰብሰቡ በዓለም ሁሉ ያሉ ሰባክያን ይማሩበት ነበር። በ2007 ግን ስለ ገዛ ምእመናኑ ያስደረገውን ጥናት አሳተመ። ሰው በልዩ ልዩ መርሐ ግብር መመላለሱ ብቻውን እግዚአብሔርንና ባልንጀራን በመውደድ እንደማያሳድገው ተገኘ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጉት አንዳንዶቹም ስላልጠገቡ ጥለው ለመሄድ ያስቡ ነበር። መሪዎቹም ሕዝቡን መጽሐፍ እያነበበ ራሱን እንዲመግብ ባለማስተማራቸው እንደ ተሳሳቱ አመኑ። በ2010 ደግሞ ከብዙ አገር የመጡ ወንጌላውያን በደቡብ አፍሪቃ በኬፕ ታውን ተሰብስበው ባወጡት ቃል የብልጽግናን ወንጌል ነቅፈዋል። እንግዲህ ይህ ነቀፋ የቅናት ነገር ነው ለማለት አይቻልም፤ ከራሳቸው ቤት ወጥቷልና።

አሁን ከሚነሡት ጥያቄዎች ለሁለቱ መልስ ይሰጣል።

ብዙ ሕዝብ መሰብሰብና ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ መስበክ ነውር ነውን? የሚል ቢኖር፥ አይደለም። ጌታችን ይህንኑ ምሳሌ የተናገረው ሕዝብ በዝቶበት በታንኳ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሕዝቡም በባሕሩ ዳር ቆሞ ነበር። የተናገረውም ስለ ዘርና ስለ እሾህ፥ ገበሬ ሁሉ ስለሚያውቀው ነገር ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በአንጾኪያና በቍስጥንጥንያ ሲሰብክ ሕዝቡ እስኪያጨበጭብ ድረስ ይወደድ ነበር። እርሱ ግን ጭብጨባውን ጠልቶ ገሠጻቸው፤ ጭብጨባው ተሰምቶ ይጠፋልና፥ ከቃሉ አንዱን ይዘው ወደ ቤት ቢገቡ ይሻለው ነበር። የባለጸጎችን ቅንጦት፥ የቤተ መንግሥቱንም ኵራት ስለ ነቀፈ ተሰደደ፤ በስደትም ሳለ በ407 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዐረፈ። የሕዝብ መምህር መሆንና ጥልቅ መሆን በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ እንደሚችሉ ከእርሱ የበለጠ ምስክር አይሻም። የመምህሩ ፈተና የሰሚው ብዛት ሳይሆን ለሰሚው የማይወደውን እውነት መናገር መቻሉ ነው።

ሕዝቡ ድኃና በሽተኛ ነው፥ እንጀራና ፈውስ ቢሻ ምን ኃጢአት አለው? የሚል ቢኖር፥ በሕዝቡ ላይ ኃጢአት የለም። ጌታችን የተራቡትን አበላ፥ ድውያንን ፈወሰ። ነገር ግን ዮሐንስ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፥ እንጀራ የበሉት በማግሥቱ ሌላ እንጀራ ሽተው በተከተሉት ጊዜ ስለ ሥጋውና ስለ ደሙ ጭንቅ የሆነውን ትምህርት ሰጣቸው። ብዙዎች ተመለሱ፤ እርሱም ቍጥሩ እንዳይጐድል ብሎ ቃሉን አላለዘበም። ድኃውን የሚያፈቅር መምህር እንጀራውን ይሰጠዋል፥ ቃሉንም አይቀንስበትም። ድኃውን የሚበድል ግን ተስፋውን ሸጦለት በእጁ ያለችውን ጥቂት ብር ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ዳኝነቱ ወደ ኦርቶዶክሳዊው ቤትም መግባት አለበት፤ አለዚያ ምርመራው በሌላው ጭንጫ መሳለቅ ብቻ ይሆናል። የአባቶች ትምህርት ጥልቅ መሆኑ አይካድም። የመጽሐፍ ቤት ተማሪ ብሉዩን፥ ሐዲሱን፥ ሊቃውንቱንና መጽሐፈ መነኰሳቱን ከነአንድምታው ለመጨረስ ብዙ ዓመት ይቀመጣል። አንድምታውም በግእዝ ሳይሆን ተማሪው በሚሰማው በአማርኛ ይነገራል፤ አባቶች ጥልቁን ነገር በቅርብ ቋንቋ መናገርን አላፈሩበትም ነበርና። ወንጌላውያኑ በእጃቸው የያዙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ጅማሬው የቤተ ክርስቲያን ልጅ የነበሩት መነኰሴ አባ አብርሃም፥ አቡ ሩሚ የተባሉት፥ በግብፅ የተረጐሙት ነው። ነገር ግን ይህ ሀብት በጉባኤ ቤት ቀርቶ በደጀ ሰላም የቆመው ሕዝብ ብዙ ጊዜ ሳይተረጐምለት ሰምቶ ይመለሳል። ጕድጓዱ ጥልቅ ሆኖ መቅጃ ካልተገኘ የተጠማ ሰው ወደ ኵሬ ቢሄድ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ደግሞም በቤተ ክርስቲያን ስም አጥማቂ ነን እያሉ የሕመምተኛውን ጩኸት በምስል እየቀረጹ የሚያሳዩ አሉ፤ ከአዳራሹ ነቢይ በልብሳቸው እንጂ በሥራቸው አይለዩም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢሉ፥ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህንኑ ምሳሌ ሲተረጕም፥ ዘሪው በጭንጫና በእሾህ ላይ ለምን ዘራ? ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ተስፋ ያለበት ነው። የምድር ጭንጫ ጭንጫ ሆኖ ይቀራል፤ የሰው ልብ ግን ነባቢት ነፍስ ናትና ተለውጣ መልካም መሬት ልትሆን ትችላለች ይላል። ስለዚህ ወደ አዳራሽ የሄደውን ወጣት መስደብ ዘሪነት አይደለም። ፈጥኖ የበቀለውን መንቀል ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ማውጣት ይገባል።

ካህኑ በየሰንበቱ የሚነበበውን ምንባብ ሰሚው በሚያውቀው ቋንቋ፥ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሱማልኛ፥ ሳይተረጕም ሕዝቡን አያሰናብት። መጽሐፈ ኢዮብን፥ መዝሙረ ዳዊትን፥ የጴጥሮስን መልእክት መከራ ከመምጣቱ አስቀድሞ ያስተምር፤ ሥር በሐሩር ቀን አይበቅልምና። ባለጸጋና ባለሥልጣን የሆነ ምእመንም ለሕንፃ ከሚያወጣው ከፍሎ በቆላው አገር ላለው መምህር ቀለብ ይስጥ፤ ጥቂት ሕዝብ ያለበት አጥቢያ መምህር ይበልጥ ያስፈልገዋልና። ሕዝቡም የሰማውን በቃሉ ይያዝ። በዚህ ነገር የሽንሌ ጐረቤቶች እንኳ ያስተምራሉ፤ የኢሳ ሽማግሌዎች ሔር የሚሉትን ሕጋቸውን ያለ መጽሐፍ፥ በቃል ብቻ፥ ከአባት ወደ ልጅ እያወረዱ ጠብቀው፥ በ2017 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። የምድር ሕግ በቃል ተይዞ ይህን ያህል ዘመን ከኖረ፥ የሕይወት ቃል በክርስቲያን ቤት ከሰንበት እስከ ሰንበት እንኳ ሊያድር አይችልምን?

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ጥይት ፊት ሲቆሙ ትከብራለህ የሚል ትንቢት አልያዙም ነበር። የያዙት በጉባኤ ቤት በብዙ ዓመት የገባ ቃል ነው፤ እርሱም አቆማቸው። ትምህርት የሚለካው ሰሚው ከአዳራሹም ሆነ ከቤተ መቅደሱ ሲወጣ በሚያሳየው ደስታ ሳይሆን፥ ፀሐይ በወጣበት ቀን በሚገኝበት ስፍራ ነው። መልካሙ መሬት ሠላሳ፥ ስድሳ፥ መቶም ያማረ ፍሬ የሰጠው ከዚያ በኋላ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።